ክፍል ሁለት የቀረበት ክረምት

ሐምሌ 18፣ ማክሰኞ። ጠዋት 3 ሰዓት

ጉም። የሱቃችን በር ክፍት ነው፣ መንገዱ ግን የለም። ከማዶ ያለው የእትዬ አስካለ ሻይ ቤትም የለም። የሚሰማው ደወሉ ብቻ ነው። ቅጭል! ከዚያ ሳቅ። የኔ ሳጥን ነው። በዚህ ብርድ ማን ቀድሞ እንደመጣ እንጃ። የደ/ብርሃን ሰው ሥራ የለውም እንዴ?

አባባ የአንድ ገበሬ ሬዲዮ ሆድ ከፍቶ ያጉረመርማል። እኔ ሽቦ እልጣለሁ። ጣቶቼ በድን ሆነዋል።

አዲስ ደብተር ስለሆንሽ ሳጥኑን አታውቂውም። አንዴ ልንገርሽ፣ አልደግምም። አምና አ.አ. አክስቴ ጋ ሄጄ፣ የምትሠራበት ሆቴል ውስጥ አንድ ማሽን አየሁ። ሳንቲም ይጎርሳል፤ ከመስታወቱ በስተጀርባ የብርሃን ሰዎች ይቧቀሳሉ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ እጀታ ይነቀንቃል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ በሐሳቤ ሠራሁት፤ ደ/ብርሃን ስደርስ አልቆ ነበር። የሻይ ቅጠል ሳጥን፣ የብስክሌት ፍሬን ገመድ፣ የእጅ ባትሪ አምፖል፣ የበር ደወል። ሁለት የእንጨት ተፋላሚዎች፣ በየእጃቸው ዱላ። ደረቱን የተመታው አምፖሉ ይጠፋበታል፣ ደወሉ ይጮኻል። በቃ ይኸው ነው።

ተፋላሚዎቹን የቀረጻቸውና የቀባቸው ዘሪሁን ነው። የአንኮበር ልጅ፤ የመሪጌታ ልጅ፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲቀባ ያደገ። እዚህ ከተማ ታፔላ ይጽፋል። ከዛሬ ጀምሮ ዘ. ነው የምለው። ስሙን ሙሉውን ስጽፍ እጄ ይዘገያል። ለምን ብለሽ እንዳትጠይቂኝ።

ሐምሌ 22፣ ቅዳሜ

ገበያ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። ሐጂ ሰይድ ከአሊዩ አምባ ሎሚና በርበሬ በበቅሎ ጭነው ወጥተዋል። የዘ. አባትና እሳቸው የድሮ ወዳጆች ናቸው፤ መሪጌታና ሐጂ፣ ሲገናኙ ቀልዳቸው አያልቅም ይላሉ። ሬዲዮናቸውን ለአባባ ሰጡና ሻይ ቤት ገብተው ሳጥኑ ፊት ቆሙ። አይጫወቱም፤ ዕድሜዬ አይደለም ይላሉ። ግን ቆመው ያያሉ። ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ እኔን ነው የሚያየኝ አሉ። ሁሉም ሳቀ።

እውነታቸውን ነው። ነገሩ እንዲህ ሆነ። የአ.አ. ተፋላሚዎች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ እኛ የምናየው ጎናቸውን ነው። ይህን ለዘ. በደንብ ነገርኩት። ሠርቶ ያመጣልኝ ግን እንቁላል በሚያካክሉ ዓይኖች ቀጥ ብለው እኛን የሚያዩ ሁለት ሰዎች! ኧረ በስመ አብ፣ ተናደድኩ። ሰው እንዴት የሚመታውን ሳያይ ይመታል? አልኩት። ረጋ ብሎ መለሰልኝ። ጎኑን አዙሮ በአንድ ዓይን የሚሣል ኃጥእ ነው፤ ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው። ጻድቅ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ከሁለቱ ኃጥኡ የቱ ነው? ንገሪኝና ላዙረው።

እንዲሁ ተውኳቸው። እየተደባደቡ እርስ በርሳቸው አይተያዩም፤ የሚያዩት እኛን ነው። ሰው የወደደውም ይህንኑ ነው። አንዱን ጎሽሜ፣ ሌላውን ደመላሽ ብለው ስም አወጡላቸው። ትናንት አንድ ሰውዬ ጎሽሜ በሕልሜ መጣ አለ።

ሐምሌ 27፣ ሐሙስ። ከሰዓት

አንቺዬ! ተቀመጪ። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም።

ጓድ ታምራት መጣ። የአውራጃው ባህል አዳራሽ ኃላፊ። ዝናብ ላይ ጃንጥላውን ረስቶ፣ ኮቱ ረጥቦ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የደከመው ሰው ነው። ልጁ ሰሜን ግንባር ከሄደ ወዲህ ፀጉሩ ነጣ። የመጣው ክፍል ሁለት ሥሩ ለማለት ነው። ለአብዮት በዓል፣ ለመስከረም 2፣ አዳራሹ መግቢያ ላይ የሚቆም። ከመጀመሪያው የሚበልጥ፣ በጣውላ፣ በመኪና ባትሪ። ከተማው ሰምቷል፤ እትዬ አስካለ ከወዲሁ አኩርፋለች።

ትእዛዝ አለው። አንደኛው ተፋላሚ አብዮታዊ ወታደር፣ ሌላው ወንበዴ። ወንበዴው በአንድ ዓይን፣ እንደ ይሁዳ፤ የአገሩ ሰው ገና ሲያየው እንዲያውቀው። ወንበዴው ደግሞ መቼም አያሸንፍም።

በምላሹ ዘ. የአዳራሹ ሠዓሊ ሆኖ ይቀጠራል። የአዳራሽ ሠራተኛ ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና አይነካም። ከበዓሉ በኋላ አዲስ ዙር አለ፤ የዘ. ስም ገብቶበታል። ታላቅ ወንድሙ ጌታነህ በፊተኛው ዙር ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። መሪጌታ ሁለተኛ ልጅ ሊሰጡ ነው ብዬ ስብሰለሰል ነው የከረምኩት።

እሰይ! አልኩ ጮክ ብዬ። አባባ በመነጽሩ ሥር አየኝ። ፊቴ ሳይቀላ አልቀረም።

ነሐሴ 1፣ ሰኞ

ፍልሰታ ገባ። ዘ. እየጾመ ጣውላ ያለሰልሳል። በረዶ ጣለ፤ ቆርቆሮው ላይ ያለው ጩኸት ሰውን ከሰው አያደማምጥም። እኔ ግን ሌላ ዓለም ነኝ።

ክፍል ሁለትን በሐሳቤ ከወዲሁ ጨርሼ አየዋለሁ። ከኋላ የአንኮበር ገደል ይሣላል። ከፊቱ ነጭ ሻሽ፣ በሁለት እንጨት ላይ የተጠቀለለ፤ ስናዞረው ጉም ሆኖ ከቆላ ወደ ላይ ይወጣል። ተፋላሚዎቹ ከጉሙ ብቅ ይላሉ። ዱላ ቀርቷል፤ ጅራፍ ነው የያዙት፣ የቡሄ ጅራፍ። ዘ. ስነግረው ብሩሹን እንደያዘ ፈዘዘ። ከዚያ ገደሉን ከላይ ወደ ታች ሣለልኝ፤ እታች አንዲት ነጥብ አደረገ። አሊዩ አምባ ናት አለኝ። እዚያ አይበርድም፣ ሎሚው ደጅ ላይ ነው አለኝ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ነጥቧን አየን።

ወንበዴው እንዳያሸንፍ ማድረግ ቀላል ነገር ነው። ወታደሩ ደረት ላይ አንዲት ሽቦ አለመበየድ። ወታደሩ ደረቱን ቢመታም አምፖሉ አይጠፋም፣ ደወሉም አይጮኽም። ገና ባልተቀረጹት እንጨቶች አደረግሁት። አባባን ሞክርልኝ አልኩት። በወንበዴው በኩል ቆመና መታ፤ ምንም። ደግሞ መታ፤ ምንም። እጀታውን ለቆ ወደ ሬዲዮው ተመለሰ። ልጄ፣ አለኝ፣ ይሄ ጨዋታ አይደለም፣ ስብሰባ ነው።

ሳቅሁ። በኋላ ግን ብቻዬን ደግሜ ሞከርኩት።

ነሐሴ 8፣ ሰኞ። ከሰዓት 10

ቸኩዬ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌን ይቅር በዪኝ።

የተጠገነ ሬዲዮ እየሞከርኩ ነበር። አጭር ሞገድ ላይ ስዳብስ የጫካው፣ የወንበዴዎቹ ሬዲዮ ገባ። ብዙ ጊዜ እዘለዋለሁ። ዛሬ እጄ ዘገየ። የተማረኩ ወታደሮች ያናግራሉ። አንዱ ስሙን ተናገረ፤ አገሬ አንኮበር አለ። አሁን ከነሱ ጋር ተሰልፌያለሁ አለ። ዘ. ጥግ ላይ ተቀምጦ የወንበዴውን ክንድ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍግ ነበር። እጁ ቆመ።

ጌታነህ ነው። ወንድሙ።

አባባ ተነስቶ በሩን ገርበብ አደረገ፤ ድምፁን ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም። ጌታነህ ሳለ። ያ የሱ ሳል ነው አለ ዘ.። ከልጅነቱ ጀምሮ ሊዋሽ ሲል ይስላል አለ። ከዚያ ሳቀና አለቀሰ፣ ባንድ ጊዜ። በሕይወት አለ! እኔም አለቀስኩ። ጌታነህን አይቼው አላውቅም።

ማታ ራት ስንበላ ነው የገባኝ። ጌታነህ በሕይወት አለ፤ ስለዚህ ወንበዴ ነው።

ነሐሴ 13፣ ቅዳሜ። ቡሄ

ከጠዋት ጀምሮ ጅራፍ ይጮኻል። ጉሙ ውስጥ ሆኖ ከየት እንደሚመጣ አይለይም። በጮኸ ቁጥር ሳጥኑ ትዝ ይለኛል።

ዘ. አንኮበር ወርዷል። ለአባቱ ጌታነህ አለ ብሎ ሊነግር፤ ቀሪውን ቅርጽም እዚያው ሊጨርስ። ሱቁ ሰፋኝ። የተወው ሙጫ ይሸተኛል። ናፈቀኝ። ይኸው ጻፍኩት፣ ደስ ይበልሽ።

ዛሬ እንቅልፍ ሳይወስደኝ ቁጭ ብዬ አለምኩ። የሳጥኑን ጉም እያዞርኩ ነው። ሻሹ አያልቅም፤ ባዞርኩ ቁጥር ይመጣል። አባባ ተነሽ፣ ደንበኛ ቆሟል አለኝ። ደንበኛዋም እየሳቀችብኝ ነበር።

ነሐሴ 25፣ ሐሙስ

ዘ. መጣ። ከሳ፤ ጾሙ ነው ወይ ሌላ። ሁለቱን ተፋላሚዎች በነጠላ ጠቅልሎ ይዟል። ፈታቸው።

ወታደሩ ራሱ ዘ. ነው። ቅንድቡ፣ ያቺ ግንባሩ ላይ ያለች ጠባሳ ሳትቀር። ወንበዴውን አላውቀውም፤ ግን አፍንጫው የመሪጌታ ነው፣ አገጩ የዘ.። ሳል የሚይዘው ይመስላል።

ሁለቱም በሁለት ዓይን። ቀጥ ብለው እኔን ያያሉ።

ተጣላን። ለመጀመሪያ ጊዜ። አብደሃል ወይ አልኩት። ይህን ታምራት ቢያይ እስር ቤት ነህ። ባትጨርሰው ደግሞ ከበዓሉ በኋላ ይወስዱሃል። አንድ ዓይን ብቻ ነው እኮ የጠየቁህ! ሌላ ፊት ቅባ፣ የማንም ያልሆነ! የማንም ያልሆነ ፊት ፈልጌ አጣሁ አለ። የቀባሁት ሁሉ የአንድ ሰው ወንድም ሆነብኝ አለ። አባቴም፣ ዓይኑን ካጠፋህ በዚያው እጅህ መልአክ እንዳትሥል ብለውኛል አለ።

ጥቁሩን ቀለምና ቀጭኑን ብሩሽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። አንቺ ካልሽ አንቺ አጥፊው፣ አልቀየምሽም ብሎ ወጣ። ከኋላው አልጠራሁትም። ልጠራው ይገባኝ ነበር።

ነሐሴ 29፣ ሰኞ። ጠዋት

ሞከርኩ። አንቺን አልዋሽም።

ዓይኑን ለማጥፋት ደቂቃ አይፈጅም። ብሩሹን ነክሬ አስጠጋሁ። ጌታነህ ያየኛል። ጎኔን አዞርኩ፤ አሁንም ያየኛል። ዘ. ሲቀባ እንዲህ ነው የሚያደርጋቸው፣ የትም ብትሄጂ ይከተሉሻል። ቀለሙ ጠብ ብሎ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ።

ብሩሹን ትቼ እጀታዎቹን ያዝኩ። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ። ጉሙን አዞርኩ። ዘ. ጅራፉን አነሳ፤ ጌታነህ አነሳ። ዘ. መታው። ቅጭል። የጌታነህ አምፖል ጠፋ። እንደገና አበራሁት። ቅጭል። ሁልጊዜ እሱ ነው የሚጠፋው፤ እኔ ነኝና እንዲያ ያደረግሁት።

ያኔ ገባኝ። ከበዓሉ በኋላ ዘ.ን ቢወስዱት፣ የሚሰጡት ክፍል ሁለትን ነው። ያንኑ ገደል፣ ያንኑ ጉም፣ ወንድሙን ከፊቱ። እኔ ደግሞ ይህን በገዛ እጄ በጣውላ እየሠራሁ፣ ሸጋ ነው እያልኩ ስፈዝዝ ከረምኩ! እንዴት ያለሁ ጅል ነኝ።

ዓይኑን ባጠፋ ዘ. ይተርፋል። የተረፈው ሰው ግን በየቀኑ አዳራሹ በር ላይ ወንድሙ ይሁዳ ተብሎ ሲወድቅ እያየ ይገባል። ያጠፋሁት እኔ መሆኔንም ያውቃል። አልቀየምሽም ይላል። ይቀየመኛል፤ እኔም ራሴን እቀየማለሁ።

ጳጉሜን 1፣ ረቡዕ

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ሐጂ ሰይድ ለበዓል ሎሚ ይዘው ወጡ። ዘ. ሁሉን ነግሯቸዋል። ሱቃችን መጥተው ከአባባ ጋር ስለ ዝናብ አወሩ፣ ስለ በቅሎ አወሩ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ፣ አሊዩ አምባ ታፔላ የሌለው ሱቅ በዝቷል፣ የመሪጌታ ልጅ ቢወርድ ሥራ አያጣም፣ ከኛ ቤት ገብቶ ለውትድርና ወጣት የሚቆጥር የለም፣ ኢንሻአላህ ቀን ይወጣል አሉ። አባባ እንዲያ ነው እንዲያ ነው አለ። ሁለቱም እኔን አላዩኝም።

ግን ሳጥኑ እያለ ዘ. ቢጠፋ፣ ከዳ ይባላል። ሁለት ዓይን ያለው ወንበዴ ደግሞ ማስረጃው። ክፍል ሁለት መቅረት አለበት፤ ማንም ሳያስቀረው፣ በራሱ።

የመኪናውን ባትሪ በቀጥታ ከሽቦዎቹ ጋር አገናኘሁ። ጢሱ አስለቀሰኝ። አምፖሎቹ በአንድ ላይ፣ ሁለቱም፣ ከመቼውም በላይ ደመቁ። ወዲያው ድርግም። የክረምቱ ሥራዬ ሁሉ ጥቁር ሆነ። ተፋላሚዎቹን ነቅዬ አወጣለሁ ስል ወገቤ ላይ ያለው ብሎን እምቢ አለ። አይ፣ ወገባቸው ላይ ያለው ማለቴ ነው። ደክሞኛል። ጨርቅ አልብሼው ተኛሁ።

ጳጉሜን 3፣ ዓርብ። ሩፋኤል

ዝናቡ መጣ። የከተማው ልጆች በሙሉ ራቁታቸውን መንገድ ላይ ይታጠባሉ፣ ይጮኻሉ፤ ትልልቆቹም እጃቸውን ዘርግተው በረከት ይቀበላሉ። በዚያ መሐል ጓድ ታምራት ገባ። ያለ ጃንጥላ፣ እንደ ልማዱ። ሳጥኑን ሊያይ።

ተቃጥሏል አልኩት። ሽቦው ተገናኝቶ፣ ለበዓሉ አይደርስም፣ ዕቃውም አይገኝም። ትናንት ያጠናሁትን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ አወረድኩት። አባባ ጠመንጃ የተደገነበት ይመስል አልተንቀሳቀሰም። ዘ. ከጓዳ በር ቆሟል።

ታምራት ጨርቁን ገለጠው።

ቆሞ አየ። ከፀጉሩ ውኃ ይንጠባጠባል። ወታደሩን አየ፤ ዘ.ን አየ። ከዚያ ወንበዴውን አየው፤ ረጅም ጊዜ። አራቱም ዓይን እሱን ያየዋል። የኔ ልብ የሳጥኑ ደወል የሆነ መሰለኝ፤ ሁሉም የሚሰማው።

ይሄኛው ወንድምህ ነው? አለ፣ ዘወር ሳይል። ዘ. አዎ አለ። ውሸት አልመጣለትም።

ከልጄ ደብዳቤ ከመጣ ዓመት አለፈው አለ ታምራት። የት እንደተሰለፈም አላውቅ።

ጨርቁን መልሶ አለበሰው፤ ጥግ ጥጉን እንደ አልጋ ልብስ ሳብ ሳብ አደረገው። ወደኔ ዞረ።

ተቃጥሏል ነው ያልሽኝ፣ የሺ?

አዎ፣ ጓድ።

ጢሱ እኔም ጋ ደርሷል። ተቃጥሏል ብዬ እጽፋለሁ።

ደጃፉ ላይ ሲደርስ ዘ.ን፣ የሠዓሊው ቦታ እንግዲህ የለም፣ ዙሩ ከበዓሉ ማግስት ነው፣ እወቅ አለው። ማስጠንቀቁ ነው። ከዚያ ዝናቡ ውስጥ ገባ። ከልጆቹ መሐል ቆም ብሎ እጁን ዘረጋ።

ጳጉሜን 4፣ ቅዳሜ። ንጋት

ዘ. ሄደ። ከሐጂ በቅሎዎች ኋላ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ እንደ ነጋዴ። ጉሙ ለዛሬ ባለውለታዬ ነው፤ ሦስት እርምጃ ሳይርቅ ወሰደው። ጌታነህን ከሳጥኑ ፈልቅቆ ይዞት ሄዷል፣ በነጠላው ጠቅልሎ። ወታደሩን ለኔ ተወልኝ። ይሄ ይብቃሽ፣ አይዘምትብሽም አለኝ። ልስቅለት ፈለግሁ፤ አልሆነልኝም።

መስከረም 2፣ ማክሰኞ

ሰልፍ። ባንዲራ። አዳራሹ መግቢያ ላይ ሳጥን የለም፣ የአበባ ማሰሮ ነው የቆመው። ሰው ሁሉ እኔን ይጠይቃል። የት አለ ክፍል ሁለት? ጅራፍ አለው ሲባል አልነበር? ቀርቷል እላለሁ። አይ የሺ፣ አወራሽው እንጂ አልሠራሽውም ይሉኛል። ልቤ ይቃጠላል፤ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር። ያን ጉም አንድ ሰው እንኳ ቢያየው! ማንም አላየውም። ቀርቷል እላለሁ እንጂ ሌላ ምን እላለሁ።

ከሰልፉ በኋላ ታምራት ሻይ ቤት ገባ። በድሮው ሳጥን በደመላሽ በኩል ቆመ። ከጎኑ አንድ የእነዋሪ ገበሬ። ተጫወቱ። ታምራት ተሸነፈ፤ ደወሉ ጮኸ። ድገመኝ አለ ገበሬውን። በሁለተኛው አሸነፈ። ፊቱ ሲፈታ ከስንት ጊዜ በኋላ አየሁት።

መስከረም 4፣ ሐሙስ። ጠዋት

ፀሐይ! ሜዳው ቢጫ ሆኗል። ጉሙ የለም፣ ማዶው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እንዲያውም አሳፈረኝ።

ትናንት ዙሩ ተጀመረ። የዘ. ቤት ተንኳኳ፤ ባዶ ነው። ወደ አገሩ ሄደ አሉ ጎረቤቶቹ። ማንም ከዚያ አልገፋም።

ከአሊዩ አምባ አንድ ከረጢት ሎሚ መጣ። ከውስጡ አንዲት ትንሽ ጣውላ። አልጻፈባትም። ገደሉን ሥሏል፣ እታች ነጥቧን፤ ነጥቧ አሁን ቤት ሆናለች። በሩ ላይ ሁለት ሰው ቆሟል፣ አንዱ ነጠላ የለበሰ ነው፣ አንዷ ቀሚሷ ላይ ጥቁር የቀለም ጠብታ አለባት። ሁለቱም በሁለት ዓይን ያዩኛል።

ጣውላዋን ሳያት ቁርሴ ቀዘቀዘ። ከዚያ ለአባባ፣ የሐጂ ሰይድ ሬዲዮ ተበላሽቷል አሉ፣ ወርጄ ልጠግንላቸው አልኩት።

የሐጂ ሬዲዮ አልተበላሸም። በክረምቱ የጠገነው ራሱ አባባ ነው።

አባባ መነጽሩን አወለቀ፣ ወለወለ፣ መልሶ አደረገ። ተነስቶ መበየጃዬን በጨርቅ ጠቀለለው፤ ትርፍ አምፖሎች ጨመረበት፤ የበር ደወሉን ጨመረበት። የቆላ ሬዲዮ አስቸጋሪ ነው አለኝ። ቶሎ አይድንም። አትቸኩዪ። ሐጂን ደግሞ በያቸው፣ ሽማግሌ ሆነው ከመሪጌታ ጋር ሲመጡ ቀኑን አስቀድመው ያስታውቁኝ።

ኧረ አባባ! ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ።

ወታደሩን ከሳጥኑ ነቅዬ ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩት። ከወንድሙ ጋር ጎን ለጎን አቆማቸዋለሁ፤ ጅራፋቸውን ግን እዚህ ትቼዋለሁ። የአንኮበር መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ አባባ ይጠራኛል፤ አንቺንም ይዤሽ ልውረድ ወይ ብዬ ሳስብ…